«ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው?»

ረጅም ነው፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ እቤት ሊጠይቀኝ መጣ። ስሙን አልጠራም። የዚያን ጊዜ 10ኛ «ለ» የነበራችሁ ልጆች ስታነቡ ማን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ፣ ግን አደራ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉብኝ። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ መሥሪያ ቤቱን ግን እንዳልጠቅስ አስምሎኛል።

አሁን የሲሚንቶ ፋብሪካ ኦፕሬተር ነው። እነሱ «ሲሲአር» የሚሉት ዋናው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፋብሪካውን በኮምፒውተር ስክሪን የሚነዳ ማለት ነው። ሥራውን የያዘ ሰሞን ደውሎ «ቲቸር፣ ያ ያስተማሩን ፕሬዠርና ቴምፕሬቸር አሁን በየደቂቃው ፊቴ ላይ ነው» ሲለኝ እንዴት እንደኮራሁ! ለስታፉ ሁሉ ነው ያወራሁት።

በዚያ ቀን ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። ባለቤቴ ያቀረበችለትን ዶሮ ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነገረኝ።

የሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መብራት ለአፍታ ዋዠቀ። ጠፋ እንኳ አይባልም፣ ብልጭ ድርግም አለ ነው ያለኝ። በዚያች ቅጽበት አንዳንድ ሞተሮች ቆሙ። አንዱ ሲቆም ከሱ ጋር የተያያዘው ማጓጓዣ ይቆማል፣ እሱ ሲቆም ቀጣዩ ይቆማል፣ እያንዳንዱም ሲቆም አንድ አላርም ይጮኻል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰባ ያህል አላርም ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። የሁሉም ድምፅ አንድ ነው፤ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ስልክ ይጮኻል፣ ሬዲዮ ይጠራል፣ የፈረቃው ኃላፊ «ቶሎ አስነሳው!» ይላል።

ድምፁን ለማስቆም «ሁሉንም አይቻለሁ» እንደማለት የሆነች አንዲት ቁልፍ አለች። ተጫናት። ሞተሮቹን አንድ በአንድ ማስነሳት ጀመረ። አላርሙ እንደገና መጣ፣ እንደገና ተጫነ።

ከነዚያ ሰባ መስመሮች አንዷ የእውነት ነበረች። ጥሬው ዱቄት ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት በትኩስ አየር እየሞቀ የሚወርድባቸው፣ እንደ ፈነል ወደ ታች የሚጠብቡ ትልልቅ ዕቃዎች አሉ፤ ሳይክሎን ይሏቸዋል። አንደኛው ከታች ተደፍኗል። ከላይ ዱቄቱ መውረዱን አላቆመም፣ ከታች መውጫ የለም። ልጁ ነገሩ የገባው ከሃያ ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሳይክሎኑ ሞልቷል። ምድጃው ሁለት ቀን ቆመ። የተደፈነውን በረጅም ብረትና በአየር ግፊት ሲከፍቱ ከነበሩት ሠራተኞች የአንዱን ክንድ ትኩሱ ዱቄት አቃጠለው።

ለልጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት፣ ከደመወዙም ተቆረጠ። ደብዳቤው ላይ ያለችው ቃል «በቸልተኝነት» የምትል ናት። እሷን ቃል ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው?» አለኝ።

እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ትንሽ ተረጋግተህ፣ ተጠንቅቀህ ብታነበው ኖሮ'ኮ…» አልኩት። በቃ፣ አስተማሪ ነኛ። አፌ የለመደውን ነው የተናገረው። እሱም «ልክ ነው ቲቸር» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አውርተን ሸኘሁት።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሆነ ነገር እየኮሰኮሰኝ ነው። ቆይቶ ምን እንደሆነ መጣልኝ። በየዓመቱ ስለ ኑክሌር ኃይል ሳስተምር ስለ ስሪ ማይል አይላንድ አንዲት ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ «አሜሪካ ውስጥ በ1979 ኦፕሬተሮች ተሳስተው ሪአክተር ቀለጠ»። እሷን ብዬ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አልፋለሁ። ያስተማርኳችሁ ሁሉ ደብተራችሁ ላይ አለች። እኔ የዲፕሎማ አስተማሪ ነኝ፣ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ አልፌ አንብቤ አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዲክሽነሪ እየታገልኩ፣ ሌሊት ሌሊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979፣ በእኛ መጋቢት 19 ቀን 1971፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። (ሰዓቱን ልብ በሉልኝ፣ የሰው ጭንቅላት በጣም የሚደክምበት ሰዓት ነው።) ወደ እንፋሎት ማመንጫው ውሃ የሚልኩት ፓምፖች ቆሙ። ሪአክተሩ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን አጠፋ፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታሰበው ነው የሄደው። ግፊቱ ሲጨምር አንድ የማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ፤ ልክ የእናንተ ፕሬዠር ኩከር ላይ ያለችው ማለት ነው። ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም፣ ተጣብቆ ቀረ። ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በዚያ በኩል ይፈስሳል።

መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ለዚህ ቫልቭ አንዲት መብራት ነበረች። ጠፋች። ኦፕሬተሮቹ «ተዘግቷል» ብለው አለፉ። ምን ያድርጉ? መብራቷ የምትናገረው ግን ስለ ቫልቩ አልነበረም። የምትናገረው ወደ ቫልቩ ስለሚሄደው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። «ዝጋ» ተብሏል ማለት ነው እንጂ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ክፍል ውስጥ ብታስቡት፣ እኔ ሞኒተሩን «ክፍሉን ጸጥ አድርግ» ብዬ ልኬው፣ ስታፍ ቁጭ ብዬ «10ኛ ለ ጸጥ ብሏል» ብዬ ለዳይሬክተሩ ሪፖርት እንደማድረግ ነው። 10ኛ «ለ»ን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመቶ በላይ አላርም ጮኸ። አላርሞቹን በቅደም ተከተል የሚያትመው ፕሪንተር ከክስተቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወደኋላ ቀርቶ ነበር፣ አንዴም ወረቀት ነክሶ ቆሟል። ቫልቩ እየፈሰሰ መሆኑን ሊጠቁም የሚችለው የማጠራቀሚያው ታንክ መለኪያ ደግሞ የት እንደነበር ታውቃላችሁ? ከሰው ቁመት ከሚበልጠው ሰሌዳ ጀርባ። ዞሮ ሄዶ ካላዩት አይታይም። የመጠባበቂያ ውሃ የሚያሳልፉ ሁለት ቫልቮች ከጥገና በኋላ ተዘግተው ቀርተው ነበር፤ ይህን ከሚናገሩት ሁለት መብራቶች አንዷን የጥገና ወረቀት ተንጠልጥሎ ሸፍኗታል። ይህን ለማወቅ ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይሄ ነው። ሪአክተሩ ውስጥ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ የሚያዩት ሌላ ቦታ ያለውን ደረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ «ሞልቷል» ይላል። ሥልጠናቸው «እንዳይሞላ ተጠንቀቁ» ነው የሚለው። ስለዚህ ተጠነቀቁ። በመጠንቀቅ ብዛት፣ ራሱ የጀመረውን የአደጋ ጊዜ ውሃ ቀነሱት። ይህን ሳነብ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። «ተጠንቅቀህ ቢሆን ኖሮ» ያልኩት ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ አዲስ የመጣ ሰው ነገሩን በአዲስ ዓይን አይቶ ከቫልቩ በኋላ ያለው መዝጊያ እንዲዘጋ አደረገ። ዘግይቷል። የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ፕሬዚዳንቱ ያቋቋሙትን አጣሪ ኮሚሽን የመሩት ጆን ኬሜኒ የሒሳብ ሊቅ ናቸው፤ ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከፈጠሩት ሁለቱ አንዱ። (ኮምፒውተር የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ።) ሪፖርታቸው የኦፕሬተሮቹን ስህተት አልደበቀም። ግን እዚያ አላቆመም። ሥልጠናውን፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን አሠራር፣ መረጃ የማያስተላልፈውን ድርጅት ሁሉ ዘረዘረ። ለካ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ኦሃዮ ውስጥ ያለ ሌላ ጣቢያ ላይ ያው ዓይነት ቫልቭ ተጣብቆ፣ ኦፕሬተሮቹም ያንኑ ውሃ አቁመው ነበር። እዚያ ኃይሉ ዝቅተኛ ስለነበረ በሰላም አለፈ። ሁለት ቦታ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንድ ዓይነት ስህተት።

ይሄ «አንድ ዓይነት ስህተት» የሚለው ነገር ወደ ሌላ ታሪክ ወሰደኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ መሬት ላይ እያሉ፣ አብራሪው ጎማውን አጥፎ አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛ ነበር። የተመረጡ፣ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። «የአብራሪ ስህተት» ተብሎ ይመዘገባል። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ሳይኮሎጂስት መጥቶ አየ። የጎማውና የክንፍ መታጠፊያው ማብሪያዎች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ጎን ለጎንም ተቀምጠዋል። በአንዱ ላይ ትንሽ ጎማ መሰል ነገር፣ በሌላው ላይ ክንፍ መሰል ነገር አደረጉበት። እጅ ሳያይ እንዲያውቀው። ዛሬም የአውሮፕላን ጎማ ማውረጃ እጀታ ጫፉ የጎማ ቅርፅ አለው።

የምወዳት ደግሞ ይቺ ናት። አሜሪካ ውስጥ አንድ የኑክሌር ጣቢያ ኦፕሬተሮች፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አንድ ዓይነት እጀታዎች ስላስቸገሯቸው፣ የድራፍት ቢራ መቅጃ እጀታ አምጥተው ገጠሙባቸው። አንዱ ሀይነከን፣ አንዱ ሌላ ቢራ። ሚሊዮኖች የፈሰሰበት ሰሌዳ በድራፍት መቅጃ ሲስተካከል አስቡት! እኔ እንደ ውርደት አላየሁትም። ሥራውን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነው የነገረኝ።

«አሁን'ኮ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ ያ የድሮ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን፣ ሐምሌ 24 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ፈነዳ። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ገደማ ለሁለት ኦፕሬተሮች 275 አላርም ነው የቀረበላቸው። በሁለት ሰከንድ ተኩል አንድ ማለት ነው፤ ካልኩሌተር አውጥቼ አካፈልኩት። የእኔን የመምህርነት ልምድ ልንገራችሁ፤ ክፍል ውስጥ ስድስት ልጅ በአንዴ ሲጠራኝ አንዱንም አልሰማም።

ድሮ አንድ አላርም ለመጨመር መብራት መግዛት፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ሰሌዳ መብሳት ያስፈልግ ነበር፤ ወጪው ራሱ ያስቆማል። አሁን በነጻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ጠቅ ጠቅ አድርገህ ሺህ አላርም ትሞላለህ። ፋብሪካውን የሚተክለው ድርጅት «ያልነገርኳችሁ ነገር የለም» ብሎ ይሄዳል፣ ኦፕሬተሩ ከመርፌው ጋር የሣሩን ክምር ይረከባል። ከሰሌዳው ጀርባ ተደብቆ የነበረው መለኪያ ደግሞ አሁን ከስድስት ገጽ ጀርባ ነው የተደበቀው።

እንግሊዞች ከዚያ አደጋ በኋላ ስለ አላርም ባዘጋጁት መመሪያ፣ በደህና ጊዜ ለአንድ ኦፕሬተር በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ አላርም ቢሆን ተቀባይነት አለው ይላሉ። አላርም ማለት ደግሞ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግበት የሚጠራ ነው፤ የሚደረግ ነገር ከሌለ አላርም አይባልም። አሁን በደንብ የሚሠሩት ስክሪኖችም ደብዛዛ ናቸው። መደቡ ግራጫ፣ ፓምፑም ቧንቧውም ግራጫ፣ ደስ አይልም። ቀለም የሚመጣው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ለካ የፋብሪካ ስክሪን እንደ ሰርግ አዳራሽ ማማር የለበትም።

ይህን ሁሉ ይዤ ልጁን ደወልኩለትና በሚቀጥለው እሑድ ተገናኘን። ጁስ ቤት ተቀምጠን «ስክሪንህን ሣልልኝ» አልኩት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ሶፍት ላይ ጀመረ፣ ተቀደደበት፣ ደብተር አወጣሁለት። መደቡ ጥቁር፣ የሚሠራ ሞተር አረንጓዴ፣ የቆመ ቀይ። «የቆመ ሁሉ?» «አዎ።» «ለመጠባበቂያ የተቀመጠውስ?» «እሱም ቀይ ነው።» «ስለዚህ በደህና ቀንም ስክሪኑ ላይ ቀይ አለ?» ዝም ብሎ አሰበና «ቲቸር፣ ቀይ ከማየቴ ብዛት አሁን አይታየኝም» አለኝ። የሲሎ በር ክፍት መሆኑም፣ የሳይክሎን መደፈንም፣ ድምፃቸው ያው ጢጥ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሠሩት ሰዎች ያስተማሩት ነገር ደግሞ ያችን ቁልፍ መጫን ነው። አለበለዚያ ጩኸቱ አያሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፣ ይህን ጽሑፍ ሦስት ሳምንት ያስረዘመብኝም እሱ ነው።

ይሄው ልጅ 10ኛ ክፍል እያለ የፊዚክስ ፈተና ወድቆ ነበር። 40 ምርጫ። የመልስ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ወረቀት ለመቆጠብ ብዬ ቁጥሮቹን ወደ ጎን ደረደርኳቸው፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ወደ ቀኝ፣ ከሥር 5። የሌላ አስተማሪ ሁሉ የመልስ ወረቀት ወደ ታች ነው የሚወርደው። ልጁ ቁጥሩን ሳያይ እንደለመደው ወደ ታች ሞላ። መልሶቹ ልክ ነበሩ፣ ቦታቸው ነው የተሳሳተው። ወረቀቱን ይዞ ስታፍ ድረስ መጥቶ እያለቀሰ አሳየኝ። እኔም አየሁት፣ ገባኝም። ግን «ኬርለስ ነህ! መመሪያ አንብብ፣ ለወደፊቱ ትማርበታለህ» ብዬ መለስኩት። ከ62 ተማሪ እንደዚያ የሞሉት 11 ነበሩ። አሥራ አንድ! ያን ጊዜ የታየኝ 11 ግድ የለሽ ልጅ ነው።

እሱን አነሳሁበትና ይቅርታ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሳቀ። «ቲቸር፣ እሱን እስካሁን ያስታውሱታል?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና «እኔም አልረሳሁትም» አለ። በዚያ ቀን ማርኩን ለአባቱ ማሳየት ፈርቶ አክስቱ ቤት ነው ያደረው። ይህን አላውቅም ነበር። ከ11ዱ ሌሎቻችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እናንተንም ይቅርታ።

ስታፍ ውስጥ ይህን ሳወራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተቃወመኝ። «ሁሉንም በዲዛይን ካሳበብን ማንም ኃላፊነት አይወስድም፤ ልጁ'ኮ ሳያነብ ነው የተጫነው» አለ። እውነት አለው። ልጁ ራሱ «አዎ ሳላነብ ነው የተጫንኩት» ይላል፣ ክንዱ የተቃጠለውን ሰውዬም ቤቱ ሄዶ ጠይቆታል፣ ብርቱካን ይዞ። ከኃላፊነት አልሸሸም። እኔ የምለው፣ ደብዳቤው ለልጁ ከተጻፈ በኋላ ስክሪኑ እንዳለ ነው። ያ ወንበር ላይ ዛሬ ሌሊትም ሰው ተቀምጧል።

ከዚያ እሑድ በኋላ ልጁ አንድ ነገር አደረገ፣ ሐሳቡም የራሱ ነው። ለአንድ ሳምንት በየፈረቃው የትኛው አላርም ስንት ጊዜ እንደጮኸ ደብተር ላይ በጭረት ቆጠረ። አምስት አምስት እያደረገ፣ ልክ የክፍል አለቃ ምርጫ ድምፅ እንደምንቆጥረው። በብዛት አንደኛ የወጣው የተበላሸ የበር ሴንሰር ነው፤ በሩ ተዘግቶም «ክፍት ነው» እያለ የሚጮኽ። ዝርዝሩን ለፈረቃው ኃላፊ ሰጠ። ኃላፊውም ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ ሳይቆጣ ተቀበለው። ሴንሰሩ ተቀየረ። የሳይክሎኖቹ አላርም ለብቻው ሌላ ድምፅ ተሰጠው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የፈጀው አለኝ። የመጠባበቂያዎቹ ቀይ ቀለም «ይታሰብበታል» ተብሏል። የተቆረጠው ደመወዝ አልተመለሰም። ደብዳቤውም ፋይሉ ውስጥ ነው፤ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል አመልክቷል፣ እየጠበቀ ነው።

እኔም የዘንድሮውን የፈተና የመልስ ወረቀት ከማባዛቴ በፊት ለሦስት ተማሪዎች ሰጥቼ ሲሞሉት ቆሜ አየሁ። አንዷ ስሟን የመለያ ቁጥር ቦታ ላይ ጻፈችው። ሣጥኑን ቀየርኩት።

በመቆጣጠሪያ ክፍል የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስኳር ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ መብራት ኃይል፣ ውጭ አገርም ያላችሁ። በአንድ ፈረቃ ስንት አላርም ነው የምትሰሙት? ከነሱስ ስንቱ የእውነት ነው? ቆጥራችሁ ጻፉልኝ። የመሥሪያ ቤት ስም ሳትጠሩ።